ሽማግሌ የተላከለት ሃብ

ከተመለስኩ ጀምሮ አዳማ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ዘንገና ሐይቅን አየኸው?» ይለኛል። አላየሁትም። እንጅባራ ድረስ ሄጄ፣ ሐይቁ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ አላየሁትም። እኔ ያየሁት የላፕቶፕ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ስፈልግ፣ ቀዳዳ ስጠይቅ፣ ለቀዳዳ ስለምን ሰንብቼ መጣሁ። ይህን የምጽፈው ወደዚያ አገር የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ ነው። ከሄዳችሁ ግን መጀመሪያ ዕቃችሁን አገላብጣችሁ እዩ።

የሄድኩት ለእማማ የሺ ብዬ ነው። ልጃቸው ደመላሽ ከእኔ ጋር አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እሱ ማሽን ላይ፣ እኔ ሒሳብ ክፍል። አንድ ዓመት ጥር ላይ «አገሬን ሳታይማ ጓደኛዬ ነኝ አትበል» ብሎ ይዞኝ ሄዶ፣ ከአገሩ ልጆች ጋር ፈረስ ሲጋልብ በካሜራ ቀርጬው ነበር። ከዚያ ታመመና ሞተ። እናቱ ፊልሙ እኔ ዘንድ መኖሩን የሰሙት ዘንድሮ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጧቸውም። በስልክ ያለ ፎቶ አይለዩም፤ ትልቅ ሆኖ ከታያቸው ግን ይለያሉ። ወንድማቸው አያ አለሙ ደግሞ እንጅባራ ቤታቸው ትልቅ ቴሌቪዥን አላቸው። «ዓይኔ ሳይጠፋ ልጄን ልየው በሉልኝ» ብለው አስደወሉልኝ። ጉዳዩ ይኸው ነው። ፊልሙን ከላፕቶፕ ወደ ቴሌቪዥን ማሳለፍ፣ በአንድ ሽቦ።

የመጀመሪያው ቀን

የድሮው ላፕቶፔ ጎኑ ሁሉ በቀዳዳ የተሞላ፣ ከባድ፣ ግን ታማኝ ነበር። ልሄድ ስል ተቃጠለ። ሻጩ ፊልሙን ከውስጡ አውጥቶ ወደ አዲስ ላፕቶፕ አዛወረልኝ። አዲሱ ቀጭን ነው፤ እንደ ደብተር በብብት ይያዛል። «የዘመኑ ነው» አለኝ ሻጩ። እኔም የዘመኑን በብብቴ ሸጉጬ ወጣሁ። ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ እኔ ላፕቶፕ ስገዛ ቀለሙን አየሁ።

ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነሳን። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከተማዋን ሳንወጣ ትከሻዬ ላይ ተኛ፤ የተኛው ደግሞ እንደ ቤቱ ነው። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ የአዳማን መስሎኝ ደስ አለኝ። ደጀን ላይ ስንወጣ ሙቀቱ እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ እስክመለስ ድረስ አላገኘሁትም። በየፍተሻው ውረዱ፣ ዕቃ አውርዱ፣ ጫኑ፣ ግቡ። ሰውዬው ይወርድና ይፈተሻል፣ ተመልሶ ይገባና ትከሻዬን ከተወበት ይቀጥላል።

ደብረ ማርቆስ አደርን። «ሙቅ ውሃ አለ?» ብዬ እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቅኳት። «አለ» አለችኝ። ገብቼ ከፈትኩት፤ በረዶ ነው። ተመልሼ ብጠይቃት «ውሃውማ አለ፤ መብራት ነው የሌለው» አለች። እንዲህ ያለ መልስ በጉዞዬ ሁሉ ሲከተለኝ ሰነበተ። ለእራት ያቀረቡልኝ ሽሮ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አዳማ ላይ አይገኝም። እየተነጫነጭኩ ጠራርጌ በላሁት።

ሁለተኛው ቀን

ከቡሬ በኋላ ጉምና ዝናብ ነው። ረዳቱ «ኮሶበር ወራጅ!» እያለ ይጮኻል፤ እኔ እንጅባራን እጠብቃለሁ። ኮሶበር የእንጅባራ የድሮ ስሟ መሆኑን ማን ነገረኝ? ከደመላሽ ጋር የሄድን ጊዜ እነ ደመላሽ ቤት በር ድረስ ያወረደን የሰው መኪና ነበር። ከተማዋን አልፈን የአዲስ ቅዳምን መንገድ ስንይዝ ነው ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ «ልጄ፣ አንተ እንጅባራ ነኝ አላልክም ነበር?» ያሉኝ። ዝናብ ላይ ወረድኩ። እኛ አዳማ ጥላ የምንይዘው ለፀሐይ ነው፤ ለዚያውም አልያዝኩም። ጃኬቴን ለላፕቶፑ ቦርሳ አልብሼ፣ እኔ በሸሚዝ ቆሜ ባጃጅ እስኪመጣ ዝናቡ ወረደብኝ።

አያ አለሙ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ ናቸው። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲቆጡ እንኳ የሚመርቁ የሚመስሉ። እርጥብ ልብሴን አስወልቀው የራሳቸውን ካፖርት አለበሱኝ። እማማ የሺ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ በኩል ካለው ቀበሌያቸው መጥተው እየጠበቁኝ ነበር። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«አንተ ነህ ኸልጄ ጋር የነበርኸው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ሄደው ቴሌቪዥኑ ፊት ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔም ወዲያው ላፕቶፔን ላወጣ ስል የአያ አለሙ ባለቤት እትዬ አበባ «እህል ሳትቀምስ?» ብለው ቦርሳውን ከእጄ ወሰዱት። ድንች ቀረበ። አዳማ ላይ ድንች ወጥ ማብዣ ነው፤ እዚያ ራሱን የቻለ ምግብ ነው፣ ተቀቅሎ፣ እየጨሰ፣ ከሚጥሚጣ ጋር። አንዱን ስውጥ ሁለት ይጨምሩልኛል። «በቃኝ» ማለት እዚያ ቤት ትርጉም የለውም። እማማ የሺ ጨርሶ አልበሉም፤ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ጥቁሩን ቴሌቪዥን ያያሉ።

በመጨረሻ ተፈቀደልኝ። ቴሌቪዥኑን ከሪሲቨሩ የሚያገናኘውን የኤችዲኤምአይ ሽቦ ነቅዬ የላፕቶፑን ጎን ፈለግሁ። በግራ በኩል ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ የስልክ ቻርጀር የሚገባባቸው፣ ታይፕ ሲ የሚሏቸው። በቀኝ በኩል ምንም። ገለበጥኩት። ምንም።

«ምነው?» አሉ አያ አለሙ።

«አይገባም።»

«እስቲ ገፋ አርገው።»

ብገፋው ኖሮ ሁለቱንም በሰበርኩ! ያን ሻጭ በዚያች ሰዓት ባገኘው ምን እንደማደርገው እኔ ነኝ የማውቀው። ላፕቶፑን ራሱን እማማ የሺ ፊት ከፈትኩላቸው። አፍንጫቸው መስተዋቱን እስኪነካ ተጠጉ፤ ጎንበስ ቀና አሉ። «ብርሃን ይታየኛል» አሉኝ። ይህን ያሉት እኔን እንዳይከፋኝ መሆኑ ገባኝና ይበልጥ ከፋኝ።

ሦስተኛው ቀን

የሚያስፈልገኝ ሃብ የሚባለው ነው፤ በአንድ ጅራቱ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካ፣ በሌላ በኩል ብዙ አፍ ያለው ትንሽ ዕቃ። አዳማ ላይ ከስልክ ሽፋን ጋር መንገድ ዳር ተዘርግቶ ይሸጣል። እንጅባራ ላይ ጭቃውን እያቦካሁ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። አንዲት ልጅ «አለ» አለችኝና አወጣችልኝ። አራት አፍ አለው፤ አራቱም የፍላሽ ዩኤስቢ።

«ኤችዲኤምአይ የለውም እኮ!»

«ሃብ አለ ወይ አልከኝ፤ ሃብ ሰጠሁህ።»

እውነቷን ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ከምንም ይሻላል ብዬ ገዛሁት። ፊልሙን በፍላሽ አደርገዋለሁ፣ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ እሰካለሁ አልኩ። የቴሌቪዥኑን የፍላሽ ቀዳዳ ግን የአያ አለሙ የልጅ ልጆች የማንኪያ እጀታ ከትተውበት ምላሱ ከተሰበረ ቆይቷል። ሪሲቨሩ ላይ ሰካሁት፤ «ፋይሉ አይደገፍም» የሚል ጽሑፍ አመጣ። እማማ የሺ «ምን ይላል?» አሉኝ። «ትንሽ ይቆይ ይላል» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ የሠራሁትን ስሕተት ስሙ። ሁለት ቤት አልፎ የአንድ ጎረቤት ቴሌቪዥን ዜና ሲያሰማ ይሰማኛል፤ አዲስ ይመስላል። «እሱ ቤት ሄደን ብንሞክርስ?» አልኩ። እትዬ አበባ ወደ ጓዳ ገቡ። አያ አለሙ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው «እንግዳዬን ኸቤቴ አውጥቼ፣ የእህቴን ልጅ ኸሰው ቤት አሳያለሁ? ምን በደልኩህ ልጄ?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ለይቅርታዬም ድንች ቀረበ። የጎረቤቱን ቴሌቪዥን በጆሮዬ እየሰማሁ፣ በማግስቱ ሌላ ከተማ ሄጄ ሃብ ልፈልግ ተስማማሁ።

አራተኛው ቀን

ወደ ዳንግላ ብቻዬን እሄዳለሁ ብል ማን ሰምቶኝ። አያ አለሙ ዱላቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ላይ ቆሞ ከሰል ይጭናል። በዚያ አገር መንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ነው፤ ይተክሉታል፣ ይቆርጡታል፣ ያከስሉታል። እኛ አዳማ የምናነደው ከሰል ከየት እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም ነበር። ጆንያው ከላይ ሲታሰር ብናኙ በመስኮት ገብቶ አንገቴ ላይ አረፈ።

ዳንግላ ገበያ ነበር። ከመናኸሪያው በጋሪ ሄድን። እኛ ጋሪን ከአዳማ አስፋልት ካባረርን ቆየን፤ ዳንግላ ላይ ግን ጋሪ ጌታ ነው፣ ባጃጁ ራሱ መንገድ ይለቅለታል። በእግሬ ብሄድ ቀድሜ እደርስ ነበር። አያ አለሙ የሚያውቁት ሰው ባዩ ቁጥር ጋሪውን ያስቆማሉ፤ የማያውቁት ሰው ደግሞ የለም። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ይጠያየቃሉ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአዊኛ። እኔ አንጀቴ እያረረ ፈረሱን አያለሁ።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ባለቤት ስማቸው የሚባል ሳቂታ ጎልማሳ ነው። ሃብ እንደ ምስር በዓይነቱ አለው። «አምስት በአንድ፣ ሰባት በአንድ፣ አሥራ አንድ በአንድ፤ የቱን ልስጥህ?» አለኝ። ቁጥሩ የአፎቹ ብዛት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሱ ማብሪያ ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጡብ የሚያህል ዶክ አለው። እሱን ተውኩት። የቀሩትን እያገላበጥኩ አየሁ፤ የየትኛው ኤችዲኤምአይ እንደሚሠራ ከላዩ አይነበብም። «ልሞክረው» አልኩና ላፕቶፔን አወጣሁ።

«መብራት የለም እኮ» አለኝ።

«ታዲያ ምን አይቼ ልግዛ?»

«ብዙ አፍ ያለውን ውሰድ፤ አንዱ እንቢ ቢልህ ሌላው ይሠራልሃል።»

ኤችዲኤምአዩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ እንቢ ካለኝ የቀሩት አሥሩ ምን ያደርጉልኛል? ይህን የማሰብ አቅም ነበረኝ፤ አላሰብኩም። ከባለሱቁ ጀርባ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። አሥራ አንድ በአንዱን ገዛሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

ቤት ገብተን ሰካሁት። መብራት አለ፣ ሁሉም ሰው ተሰብስቧል፣ እማማ የሺ በርጩማቸው ላይ ናቸው። ሃብዋ ላይ ትንሽ ሰማያዊ መብራት በራች። እልልታ ሊቀልጥ ምንም አልቀረውም። ቴሌቪዥኑ «ምልክት የለም» አለ። ነቅዬ ሰካሁ። ምልክት የለም። ሽቦውን ገለበጥኩ፤ ምልክት የለም። አሥሩን አፍ ሁሉ ብሞክር ይሠራሉ፤ የማልፈልጋቸው ሁሉ ይሠራሉ! ጮህኩ መሰለኝ፤ እማማ የሺ ጉልበቴን ዳሰሱኝና «አይዞህ፣ እሱም ሲናደድ እንዳንተ ነበር» አሉኝ።

አምስተኛው ቀን

«እሄድና እጣላዋለሁ፤ እንቢ ካለም ፖሊስ አለ» አልኩ በጠዋት።

«የምን ጠብ ነው?» አሉ አያ አለሙ። «ሽማግሌ ይሄዳል እንጂ።»

ለሃብ! ለአንዲት የፕላስቲክ ሃብ ሽማግሌ! እየቀለዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ገና ሳልነሳ ሁለት ሽማግሌዎች ጠርተው አቁመዋል፤ አንዱ ጥምጥማቸውን የጠመጠሙ ቄስ፣ አንዱ ከአዊኛ በቀር ብዙ የማይናገሩ፣ ጋቢያቸው እስከ አፍንጫቸው የደረሰ አዛውንት። አራታችን በሚኒባስ ዳንግላ ገባን። እንደገና ጋሪ፤ እንደገና ሰላምታ፤ አሁን ደግሞ ሰላምታው በሦስት እጥፍ ነው።

ስማቸው ሽማግሌዎቹን ሲያይ ብድግ አለ። ወንበር ጠረገ፤ አልተቀመጡም። ለስላሳ አስመጣ፤ አልነኩም። ሦስቱም ዱላቸውን ተደግፈው ሱቁ መሐል ቆሙ። እዚያ አገር ሽማግሌ «እሽ» ካልተባለ አይቀመጥም፤ እህል ውሃም አይቀምስም። ገዢ ሁሉ በራፍ ላይ ተሰበሰበ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«ይህ እንግዳ ልጃችን አጥፍቷል። ይቅር በለው ብለን መጣን» አሉ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ምን አጠፋሁ?» አልኩ። አያ አለሙ እጄን ያዝ አድርገው «ዝም በል» አሉኝ።

«ዕቃህን ሳይሞክር ወሰደ» ቀጠሉ ቄሱ። «ችኩል ነው። ዕቃህ እንቢ ሲለውም ተቆጥቷል፤ ክፉ ቃል ተናግሮብሃል። ጥፋቱን አምኗል።»

ምንም አላመንኩም! ገንዘቤን የበላብኝ ሰው ፊት ጥፋተኛ ሆኜ ቆሜያለሁ። አዛውንቱ በአዊኛ አንድ ነገር አሉና በዱላቸው ጫፍ ወደ መሬት አሳዩኝ። ጎንበስ በል ማለታቸው ነው። ሰው ሁሉ ያያል። እማማ የሺ ጀርባቸውን ሰጥተውን እንዴት እንደተቀመጡ ትዝ አለኝ። ሃብዋን በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩ።

ስማቸው ፊቱ ተለዋወጠ። ከጠረጴዛው ኋላ ወጥቶ ትከሻዬን ይዞ አነሳኝ። «ኧረ እኔ ነኝ ያጠፋሁ! ተነስ፣ ተነስ። እሽ ብያለሁ አባቶቼ፣ ተቀመጡልኝ» አለ። ያን ጊዜ ተቀመጡ፣ ለስላሳውንም ጠጡ። በሱቁ ያለውን ሃብ በየዓይነቱ በአንድ ፌስታል አደረገና ሰጠኝ። «የሠራልህን አስቀር፣ የቀረውን በሰው ላክልኝ» አለ። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ብጨቃጨቅ እነዚያን ሁሉ ሃቦች ያለ መያዣ ይሰጠኝ ነበር? አይሰጠኝም። ግን እስከ ዛሬም «አጥፍቷል» ያሉኝ አልወጣልኝም፤ በሚኒባሱ ውስጥም ቄሱን አኩርፌ ነው የተመለስኩት። እሳቸው ቆሎ ከኪሳቸው እያወጡ ይሰጡኛል፣ እኔ አኩርፌ እበላለሁ።

እንጅባራ ስንደርስ መብራት የለም። ፌስታሉን ይዤ በተስፋ ተቀመጥኩ። እማማ የሺ ከበርጩማቸው ሳይነሱ መሸ።

ስድስተኛው ቀን

በነጋታው ሥራ አለብኝ፤ ለጠዋቱ ሚኒባስ ቦታ አሲዣለሁ። ስነሳ መብራቱ መጥቷል። ቁርሱን ገፍቼ ፌስታሉን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። አንዱ ሥዕሉን ያመጣና ያጠፋል፤ ያመጣና ያጠፋል። አንዱ ሰካ ሳደርገው ጋለና መሽተት ጀመረ። አንዱ ቴሌቪዥኑን ሐምራዊ አደረገው። ከሁሉ መጨረሻ አንድ ትንሽ አጭር ጭራ ነገር ቀረች፤ አፏ አንድ ብቻ ነው፣ ኤችዲኤምአይ። ሰካኋት።

ቴሌቪዥኑ ሙሉ ሜዳ ሆነ። አረንጓዴ ሣር፣ ከሩቅ ፈረሰኞች። ማንም ድምፅ አላወጣም፤ ቴሌቪዥኑም አላወጣም። ሥዕሉ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ቀን የነበረው ጩኸት፣ ፉከራ፣ ደመላሽ እየጋለበ ስሜን ሲጠራኝ፣ ሁሉም ጠፍቷል። «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ብዬ ሽቦውን ልነቅል እጄን ስሰድ እማማ የሺ ያዙኝ።

«ተወው» አሉኝ።

«ድምፁ የለም እኮ እማማ! ትንሽ ቢሰጡኝ አስተካክለዋለሁ፤ ሲናገር ነበር፣ ሲስቅ ነበር…»

በዚህ መሐል ደመላሽ በዳማው ፈረስ መጥቶ ካሜራው ፊት ቆመ። ጎፈሩ በነፋስ ይርገበገባል። ፊቱ ቴሌቪዥኑን ሞላው፤ ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ ወደ እኔ፣ አሁን ደግሞ ወደ እሳቸው ያያል።

«እዚህ ላይ አቁመው» አሉ።

አቆምኩት። በርጩማቸውን ጎትተው ተጠጉ፤ ከፊቱ አንድ ክንድ እስኪቀራቸው ድረስ።

«ድምፁስ ኸጆሮዬ አልጠፋም፣ ልጄ» አሉኝ ዘወር ሳይሉ። «ሁሌም ይጠራኛል። የጠፋብኝ መልኩ ነበር። ማታ ማታ ላስታውሰው ብል እንቢ ይለኛል፤ የሰው ፊት ነው የሚመጣብኝ። እናቱ ሁኜ መልኩ ጠፋኝ ብዬ ለማን እናገራለሁ?»

አያ አለሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ አበባ ከጓዳው በር ላይ ትሪ ይዘው ቆመው ቀሩ። እማማ የሺ ጣታቸውን አንስተው፣ ሳይነኩ፣ በአየር ላይ ከቅንድቡ ጀመሩ፤ ወደ አፍንጫው፣ ወደ አገጩ፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። ሲጨርሱ እንደገና ከቅንድቡ ጀመሩ።

ስልኬ ጠራ። የሚኒባሱ ረዳት ነው፤ ሰው ሞልቷል፣ የሚጠብቁት እኔን ብቻ ነው። አጠፋሁትና ከእማማ የሺ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።